ሎት ወንዝ ላይ ሌሊት ካርፕ የሚባለውን ዓሣ ማጥመድ የት ነው የሚፈቀደው?

ሰላም ወገኖች፣ ጨንቆኛል፣ እባካችሁ እርዱኝ። ከጀርመን አባቴን ይዤ ፈረንሳይ፣ ካኦር ከተማ አጠገብ፣ ሎት ወንዝ ዳር ቤት ተከራይተን ለእረፍት መጥተናል። ለሁለታችንም የ7 ቀን የማጥመጃ ፈቃድ ገዝቻለሁ። ቤቱን ያከራየን ሰው ሌሊትም ትችላላችሁ ብሎን ነበር፤ አሁን ሳነብ ግን ፀሐይ ከጠለቀች ከግማሽ ሰዓት በኋላ ክልክል ነው፣ ለካርፕ ብቻ ተለይተው የተፈቀዱ ቦታዎች አሉ ይላል። እኛ ያለንበት ዳርቻ ከነሱ ይሁን አይሁን የሚያሳይ ምልክት አጣሁ፣ ፈረንሳይኛም አልችልም። አባቴ ያደጉት ጣና ዳር ነው፣ ለዚህች ሌሊት ስንት ወር ጠበቁ፣ በስተርጅና ቅጣት ተጽፎባቸው እንዲሸማቀቁብኝ አልፈልግም። እዚያ ያጠመዳችሁ ካላችሁ፣ የተፈቀደውን ቦታ ማንን ልጠይቅ? ማዘጋጃ ቤቱን ወይስ ፈቃዱን የሸጠልኝን ሱቅ? ወይስ የግል ኩሬ ብንከራይ ይሻላል? ቅዳሜ ተመላሽ ነን።