«ገበሬው ቆረጠው» አትበሉን

የፍኖተ ሰላሙ፦ ትናንት ማታ ሬዲዮ ላይ አንድ እንግዳ ብርቱካን ለምን እንደጠፋ ተጠየቀ። «ገበሬው ዛፉን ቆርጦ ጫት ተከለበት» ብሎ አረፈው። ደሜ ፈላ። እኛ ጓሮ 11 የብርቱካን ዛፍ ነበረ። አባቴ አንዱንም በደህናው አልቆረጠም። መጀመሪያ ቅጠሉ ላይ ቡናማ ነጥብ ወጣ፣ ዙሪያውን ቢጫ ክብ። ከዚያ ፍሬው ላይ ወጣበት። ሳይበስል እየረገፈ መሬቱን ሞላው። ጠዋት ጠዋት እናቴ በቅርጫት እየለቀመች ትደፋ ነበር። የተቆረጠው ከደረቀ በኋላ ነው!

ፍራፍሬ ነጋዴ፣ ባሕር ዳር፦ ወንድሜ፣ የአባትህ ነገር ያሳዝናል። ግን ሰውዬው ምኑን ዋሸ? ከባሕር ዳር ወጣ በልና እይ፣ ውኃ የሚደርስበት ጓሮ ሁሉ ጫት ሆኗል። እኔ ብርቱካን የማመጣው ከአዲስ አበባ ነው። ካርቶኑን ስከፍተው እያንዳንዱ ፍሬ ላይ ትንሽ ወረቀት ተለጥፏል፣ ከውጭ የገባ ነው። የጎጃም ብርቱካን ይዞ ሱቄ የመጣ ገበሬ ካየሁ ቆየሁ።

የፍኖተ ሰላሙ፦ ጫት የለም መች አልኩ? «ቆረጠ» የሚለው ቃል ነው ያናደደኝ። ቆረጠ ስትል ጥፋቱ የገበሬው ሆነ ማለት ነው።

ነጋዴው፦ ታዲያ ማን ቆረጠው? መጋዙን የያዘው ማን ነው?

የእርሻ ልጅ፦ ሁለታችሁም ተረጋጉ። ያ ቅጠሉና ፍሬው ላይ የወጣው ነጥብ የታወቀ የፈንገስ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 አንጎላና ሞዛምቢክ ላይ ታየ፣ በሳይንስ ስሙ ውስጥ ያለው «አንጎለንሲስ»ም ከአንጎላ የመጣ ነው። በነፋስና በዝናብ ይዛመታል። ብርቱካንና መንደሪን አይችሉትም፣ ሎሚ ግን ይሻላል። ለዚህ ነው ብዙ ጓሮ ውስጥ ብርቱካኑ ሞቶ ሎሚው የቆመው። የረገፈውን ለቅሞ ማቃጠል፣ ቅርንጫፉን መመልመል፣ የመዳብ መድኃኒት በጊዜው መርጨት ያስፈልጋል። አንዱ ጓሮ ብቻውን ቢረጭ ዋጋ የለውም፣ ከጎረቤት ተመልሶ ይመጣል።

የፍኖተ ሰላሙ፦ እናቴ እየለቀመች አጥር ሥር ነበር የምትደፋው። አቃጥሉት ያለን አንድም ሰው የለም። አንድም!

የቡሬው መምህር፦ ልጆቼ፣ ብርቱካን አነሰ ሲባል ስለሚጠቀሰው ቁጥርም እናውራ። የነፍስ ወከፍ አቅርቦት የሚባለው የተመረተው ላይ ከውጭ የገባው ተደምሮ፣ የተላከውና የባከነው ተቀንሶ፣ ለሕዝቡ ሲካፈል ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 73 ሚሊዮን አልፈን ነበር፣ ዛሬ ከ100 ሚሊዮን በላይ ነን። አንድም ዛፍ ሳይነካ የእያንዳንዳችን ድርሻ ይወርዳል። እና ሁሉን ነገር ገበሬው ላይ መጫን ተገቢ አይደለም።

ነጋዴው፦ መምህር፣ እርስዎን አከብራለሁ፣ ግን ሕዝብ በዛ ብለን እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ? ጓሮ ላይ ያለው ሎሚስ መቼ ተቆጥሮ ያውቃል?

መምህሩ፦ ይቆጠራል እንጂ። የስታቲስቲክስ ሰዎች የገበሬውን ፍራፍሬ በናሙና ይመዘግባሉ። እኛ ቤትም መጥተው ጠይቀዋል።

የዘጌዋ፦ እኔ አንድ ነገር ልበል። ዘጌ ሞፈር አይገባም፣ ከአባቶች የመጣ ሥርዓት ነው። ዛፍ እናከብራለን። ሎሚያችን ከቡናውና ከጌሾው ጋር ዛሬም አለ። የፈለገ ሰው መጠበቅ ይችላል።

የፍኖተ ሰላሙ፦ እህቴ፣ እኛ ዛፍ አናከብርም ማለትሽ ነው?

የዘጌዋ፦ እንደዚያ አልወጣኝም። አንተ ደግሞ ቃል ትለቅማለህ።

የፍኖተ ሰላሙ፦ ተሰድቤ ዝም ልበል? አባቴ ያንን ብርቱካን ልጅ ሆኜ ውኃ በጀሪካን እያሸከመኝ ነው ያሳደገው።

ነጋዴው፦ እሺ፣ በሽታ ገደለው እንበል። ከዚያ በኋላ ቦታው ላይ ምን ተተከለ? እውነቱን ንገረኝ።

የፍኖተ ሰላሙ፦ ጫት። አልዋሽም። ግን ለምን ብለህ ጠይቅ። ከዘር የበቀለ ብርቱካን ፍሬ እስኪሰጥ 7 እና 8 ዓመት ነው። የተዳቀለው ችግኝ በ3 እና 4 ዓመት ይደርሳል፣ እሱን ሁለት ጊዜ ሄደን አጥተን ተመልሰናል። ጫት ውኃ ካገኘ በዓመት ደጋግሞ ይቀነጠሳል። እኔና እህቴ ዩኒቨርሲቲ የገባነው በዚያ ብር ነው።

ነጋዴው፦ ይኸው! ቆርጦ ጫት ተከለ ማለት ይኸው ነው። ከጠዋት ጀምሮ የምለው ይኸን ነው።

የፍኖተ ሰላሙ፦ አይደለም! ሞተ፣ ከዚያ ተቆረጠ፣ ከዚያ ተተከለ። ቅደም ተከተሉን አታዛባ።

የእርሻ ልጅ፦ ቅጠሉን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ በሽታው ያው መሆኑን ልይ።

የፍኖተ ሰላሙ፦ የቱን ቅጠል? የቀረን አንድ ሎሚ ብቻ ነው።