ለፕሮግራሚንግ ማኅበረሰባችን ከቀረቡት የማሻሻያ ጥያቄዎች የትኛው ይቅደም?

ጦሳ ግርጌ (ደሴ፣ አስተባባሪ)

የተከበራችሁ አባላት፣ በደሴና በኮምቦልቻ ፕሮግራሚንግ የምንማርና የምናስተምር ሰዎች የምንገናኝበት ይህ መድረክ ከቴሌግራም ቡድንነት ወጥቶ የራሱ ድረ ገጽ ከኖረው ወዲህ፣ የምትልኩልን አስተያየትና የማሻሻያ ጥያቄ እየበዛ መጥቷል። ቀንና ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይታይ ያላችሁ አላችሁ፤ ፍለጋው የምንፈልገውን አያገኝም ያላችሁም አላችሁ፤ ኮድ በስልክ ሲነበብ ይዘበራረቃል፣ ገጹ ዳታ ይበላል፣ አዲስ መልስ ሲመጣ በቴሌግራም ይነገረን፣ ጥቁር ገጽታ ይጨመር፣ ለእያንዳንዱ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ የተለየ ክፍል ይከፈት የሚሉ ጥያቄዎችም ደርሰውናል።

ችግሩ ድረ ገጹን በትርፍ ሰዓታችን የምንጠብቀው ሁለት ሰዎች ብቻ መሆናችን ነው። መድረኩ የቆመበት ዲስኮርስ የተባለው ኦፕን ሶርስ ሶፍትዌር አባላት ለሐሳቦች ድምፅ የሚሰጡበት ፕለጊን (ተጨማሪ መሣሪያ) ስላለው፣ ሁሉንም ለድምፅ አቅርበን ብዙ ድምፅ ያገኘውን እናስቀድም የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ከዚያ በፊት ግን በእናንተ ግምት የትኛው መቅደም እንዳለበት፣ ድምፅ መስጠቱስ ትክክለኛ መንገድ መሆን አለመሆኑን ልጠይቃችሁ። «ይህ ይጨመር» ብቻ ከማለት ምን ለማድረግ ስትሞክሩ የት ላይ እንደተቸገራችሁ ብትጽፉልን ሥራችንን በእጅጉ ታቀሉልናላችሁ።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

እኔ ፍለጋው ይቅደም ባይ ነኝ። ጀማሪዎች ደግመው ደጋግመው የሚጠይቁት አብዛኛው ጥያቄ ቀድሞ መልስ ያገኘ ቢሆንም መልሱ ተቀብሮ ይቀራል። «ስህተት» ብሎ የሚፈልግ ሰው «ስሕተት» ወይም «ሥህተት» ተብሎ የተጻፈውን አያገኝም። ለዓለም ፊደላት በኮምፒውተር ላይ ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 እትሙ የግዕዝን ፊደል ሲያካትት ለሀ፣ ለሐ እና ለኀ፣ ለሰ እና ለሠ፣ ለአ እና ለዐ፣ ለጸ እና ለፀ የተለያየ ቁጥር ሰጥቷል። ይህ ተገቢ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን «ሀ» ከ«ሐ» የሚለየው «በ» ከ«ከ» የሚለየውን ያህል ነው።

መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። እያንዳንዱ የፊደል ቤተሰብ በዩኒኮድ ሠንጠረዥ ላይ ስምንት ስምንት ቦታ ይዞ ስለተደረደረ፣ ከሠ ወደ ሰ ለመሄድ 16 መደመር፣ ከሐ ወደ ሀ ለመሄድ 16፣ ከኀ ወደ ሀ 128፣ ከፀ ወደ ጸ 8፣ ከዐ ወደ አ ደግሞ 48 መቀነስ ብቻ ይበቃል። ጥንቃቄ የሚያሻው ስምንተኛው ቦታ ላይ ነው፦ ሗን በዚሁ ስሌት ብናዛውራት ሇ ላይ ታርፋለች፤ ስለዚህ ስሌቱ በሰባቱ ቤቶች መወሰን አለበት። በአማርኛ ሀ ከሃ፣ አ ከኣ በድምፅ ስለማይለዩ እነሱንም አንድ ማድረግ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ለፍለጋ በሚዘጋጀው ማውጫ ላይ እንጂ በጸሐፊው ጽሑፍ ላይ አይደለም፤ «ፀሐይ» ብሎ የጻፈ ሰው «ጸሀይ» ተብሎ አይታረምበትም።

ሁለተኛው እንቅፋት ከበድ ይላል። ዲስኮርስ ለፍለጋ የሚጠቀምበት ፖስትግሬስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ ለእንግሊዝኛና ለሌሎች በርካታ ቋንቋዎች የቃላትን ቅጥያ የሚያራግፍ ሕግ አብሮት ሲመጣ፣ ለአማርኛ ግን የለውም። «ፋይል» ብለን ስንፈልግ «ፋይሎች» አይወጣም፤ ል ወደ ሎ ስለተለወጠች በቃሉ መጀመሪያ እንኳ ልናመሳስለው አንችልም። ሁሉንም ፊደል ወደ ሳድስ የሚመልስ ሁለተኛ ማውጫ ብናዘጋጅ «ፋይል» ፍይል፣ «ፋይሎች» ደግሞ ፍይልች ይሆኑና አንዱ የሌላው መነሻ ሆኖ ይገኛል። ይህ ዘዴ «ሥራ»ን፣ «ሥር»ን እና «ሱሪ»ን አንድ ስለሚያደርግ ውጤቱ በትክክል ከገጠመው በታች መደርደር ይኖርበታል፤ እዚህ መጥቶ ሱሪ የሚፈልግ ሰው ይበዛል ብዬ ግን አልሰጋም። የ፣ በ፣ ለ እና ከ የሚሉትን መነሻዎች በጭፍን መቁረጥን አልመክርም፤ «ለውጥ»ን «ውጥ»፣ «በይነገጽ»ን «ይነገጽ» አድርጎ ያስቀርብናል።

መምህር ዘደሴ (ደሴ)

አስተባባሪው ሐሳባችንን መጠየቃቸው የሚያስመሰግን ነው። ስለ ድምፅ አሰጣጡ ጥርጣሬ አለኝ። ድምፅ የሚሰጠው ድረ ገጹ የተመቸው ሰው ነው፤ ተቸግሮ የሄደው ተመልሶ መጥቶ ድምፅ አይሰጥም። ሰው ለምን ከገበያ እንደቀረ ለማወቅ ሰኞ ገበያ የወጣውን እንደመጠየቅ ይሆናል። ጥቁር ገጽታ በድምፅ ብልጫ አንደኛ ቢወጣ አይደንቀኝም፤ ፕሮግራመር የሚወደው ነገር ነውና። ዲስኮርስ አባላት በፍለጋ ሣጥኑ ውስጥ የጻፏቸውን ቃላት፣ ውጤቱን ከፍተው ማየት አለማየታቸውንም ጭምር ለአስተዳዳሪዎች መዝግቦ ያቆያል። ብዙ ጊዜ ተፈልገው ውጤታቸው ያልተከፈተ ቃላት ከየትኛውም ድምፅ የተሻለ ይነግሯችኋል።

እኔ የምጠይቀው ስለ ኮድ አጻጻፍ ነው። ተማሪዎቼ አብዛኞቹ ኮምፒውተር ስለሌላቸው ኮድ የሚጽፉት በስልክ ነው። ጥያቄያቸውን በአማርኛ ጽፈው ወደ ኮዱ ሲሻገሩ የፊደል ገበታውን ሳይለውጡ ይቀራሉ፤ ከዚያም ፓይተን የተባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ የራሱን ሁለት ነጥብ (:) በሚፈልግበት ቦታ የእኛ «፡» ትገባለች። ፓይተን ልክ ያልሆነ ምልክት እንዳገኘ ገልጾ 1361 የሚል የዩኒኮድ ቁጥር ይጽፋል፤ ተማሪው ግን በዓይኑ ሁለት ነጥብ እያየ «አስቀምጫለሁ እኮ» ይላል። ፓይተን 3 በአማርኛ የተሰየመ ተለዋዋጭ (ቫሪያብል) ስለሚቀበል፣ «ዋጋ» ብሎ የሰየመው መስመር ያለ ችግር ሠርቶ ቀጣዩ መስመር ሲቆም ግራ መጋባቱ ይብሳል። በነጠላ ሰረዝ ቦታ «፣» ሲገባም፣ ስልኩ ቀጥ ያለውን የጥቅስ ምልክት በራሱ ጊዜ ሲያጎብጠውም ያው ነው። ስለዚህ በኮድ ሣጥን ውስጥ እነዚህ ምልክቶች ሲገኙ ጽሑፉ ከመለጠፉ በፊት በቀለም ተለይተው ቢታዩና ማስጠንቀቂያ ቢሰጥ፣ አስተማሪዎችን ከብዙ ድካም ያድናል። ኮድ ማስገቢያው ቁልፍም በስልክ ገጽታ ላይ ጎልቶ ይውጣ፤ ኮዱ ከሣጥኑ ውጭ ሲለጠፍ ከመስመር መጀመሪያ የሚተወው ክፍተት ይጠፋል፣ ፓይተን ደግሞ ያለዚያ ክፍተት ትርጉም የለውም።

በተጨማሪም «ሉፑ ለምን አይቆምም?» የሚል ርዕስ አጭር ነው ተብሎ ተመልሶብናል። ዲስኮርስ ሲጫን ርዕስ ቢያንስ 15 ሆሄ እንዲኖረው ያዛል፤ የእኛ ፊደል ግን አንዱ ሆሄ ተነባቢውንም አናባቢውንም ስለሚይዝ፣ ክፍተቱና የጥያቄ ምልክቱ ተቆጥረው እንኳ 13 ብቻ የሆነው ሙሉ ጥያቄ ይሆናል።

ሐረጎ (በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ተመላላሽ)

መምህር፣ አንቱ ያሉትን ሁሉ እደግፋለሁ። ከቦርከና ጋር ግን በቅደም ተከተሉ አልስማማም፤ ለመፈለግ በመጀመሪያ ገጹ መከፈት አለበት። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በቆየባቸው ወራት ብዙዎቻችን ትምህርታችንን የገፋነው ቀደም ብለን በስልካችን ባስቀመጥነው ፋይል ነበር። ኪዊክስ የተባለው ፕሮግራም ዊኪፒዲያን ብቻ ሳይሆን ስታክ ኦቨርፍሎው የተባለውን የፕሮግራመሮች መጠያየቂያ ድረ ገጽ ጥያቄና መልስ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል፤ በአማርኛ የተጻፈው የእኛ መልስ ግን በመስመር ላይ ብቻ ነው ያለው። መልስ ያገኙ ጥያቄዎች በየሳምንቱ በአንድ ፋይል ተጠቅልለው ቢወጡ፣ አንድ ሰው ዋይፋይ ካለበት ቦታ አውርዶ ለሌላው በዜንደር ወይም በሚሞሪ ካርድ ሊያሻግረው ይችላል።

ዳታ ይበላል የተባለውም በጽሑፉ ምክንያት አይደለም። አንድ የግዕዝ ሆሄ በዩቲኤፍ-8 (ዩኒኮድ በኮምፒውተር በሚቀመጥበት ዘዴ) የሚይዘው 3 ባይት ስለሆነ፣ አንድ ሺህ ሆሄ ያለው መልስ 3 ኪሎባይት ገደማ ነው። ዳታውን የሚበላው የኮድ ፎቶ ነው፤ አንድ የስክሪን ፎቶ ብዙ ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎባይት ይይዛል፣ ኮዱንም ቀድቶ መሞከርም ሆነ በፍለጋ ማግኘት አይቻልም። ኮድ በፎቶ የሚለጥፍ አባል በጽሑፍ እንዲያስገባ የሚጠይቅ መልእክት ቢወጣለት ለሁላችንም ይጠቅማል።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

ወንድሜ ሐረጎ፣ ፋይሉን የጫነውም ሰው በውስጡ መፈለጉ አይቀርምና የፊደል ማዋሐጃው ለሁለቱም ያገለግላል፤ ስለዚህ ሥራው አንድ ነው ብዬ አምናለሁ። ስለ ቀንና ሰዓቱ ደግሞ አስተባባሪዎች አንድ ነገር ልብ እንድትሉ እፈልጋለሁ። የድረ ገጾች ቋንቋ በሆነው በጃቫስክሪፕት ውስጥ ያለው የቀን አጻጻፍ መሣሪያ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ጳጉሜን ጨምሮ ያውቃል፤ ቀኑን ለመለወጥ አዲስ ስሌት መጻፍ አያስፈልግም። ሰዓቱን ግን ስድስት ቀንሶ «ከምሽቱ 3 ሰዓት» ብሎ መጻፍ የእኛ ድርሻ ነው። በውጭ አገር የሚኖሩ አባላት ስላሉን ለውጡ ለሁሉም በግድ ከሚሆን አባሉ በራሱ ገጽ ላይ እንዲመርጠው ይደረግ፤ የውድድር መዝጊያ ሰዓት ሲገለጽ ደግሞ «12 ሰዓት» ብቻ ከማለት የጠዋቱ ወይም የምሽቱ መሆኑ ይጻፍ።

ጦሳ ግርጌ (ደሴ፣ አስተባባሪ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ተነጋግረን የደረስንበት እንደሚከተለው ነው። ድምፅ መስጫውን ለጊዜው ትተነዋል፤ የፍለጋ መዝገቡን ማየት ጀምረናል። የርዕስ ዝቅተኛው ርዝመት ቅንብር ብቻ ስለሆነ ዛሬውኑ ወደ 8 ሆሄ ዝቅ ብሏል። በቴሌግራም ማሳወቂያ የሚልክ ፕለጊን ተዘጋጅቶ ስለሚገኝ፣ ጥቁሩ ገጽታም ከሶፍትዌሩ ጋር አብሮ ስለሚመጣ፣ ሁለቱም ብዙ ሥራ ሳይጠይቁ ይከፈታሉ።

በእጃችን የምንሠራው በቅድሚያ የፊደል ማዋሐጃውን ይሆናል፤ ሳምንታዊው ፋይል የሚዘጋጀው ከዚያው ማውጫ ስለሆነ ወዲያው ይከተላል። በኮድ ሣጥን ውስጥ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ሦስተኛ ነው፤ የሰዓቱ አቆጣጠር ከዚያ በኋላ ይታያል። ለእያንዳንዱ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ የተለየ ክፍል ይከፈት የሚለውን ግን አልተቀበልነውም፦ አሁን ባለው የጥያቄ ብዛት አብዛኛው ክፍል ባዶ ስለሚሆን፣ አንድ ጥያቄም ፓይተንንና ዳታቤዝን አንድ ላይ ሊነካ ስለሚችል፣ መለያ ቃላት ይበቃሉ። ከእንግዲህ በስታክ ኦቨርፍሎው ሜታ ገጽ (ስለ ድረ ገጹ ራሱ በሚወያዩበት ክፍል) እንደሚደረገው፣ እያንዳንዱ ጥያቄ ታቅዷል፣ ተፈጽሟል ወይም ውድቅ ተደርጓል የሚል ምልክት ይደረግበታል፤ ውድቅ ከተደረገም ምክንያቱ ከሥሩ ይጻፋል።

መምህር፣ ተማሪዎችዎ ተሳስተው የጻፏቸውን ጥቂት ኮዶች ስማቸውን አጥፍተው ቢልኩልን ለመፈተሻ እንጠቀምባቸዋለን። ቦርከና ደግሞ «ኮምፒውተር» እና «ኮምፒዩተር»፣ «ዌብሳይት» እና «ዌብ ሳይት» እንደሚሉት በፊደል ማዋሐድ ብቻ የማይፈቱ የውጭ ቃላትን ጥንድ እየሰበሰበ ከዚህ በታች ቢያስቀምጥልን፣ ሌሎቻችሁም ብትጨምሩበት፣ ዝርዝሩን በቀጥታ ወደ ማውጫው እናስገባዋለን።