ክሎሪን ጨምረንም መጨረሻው ብሎክ አይደርስም፤ ሳንጨምር ምን ይደረግ?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ ያለ የመኖሪያ ግቢ ውሃ እከታተላለሁ። የኮንክሪት ታንከራችን 120 ሜትር ኩብ ይይዛል፤ በቀን የምንጠቀመው 30 ያህል ነው። ታንከሩ ላይ ቀሪ ክሎሪኑን (ሳያልቅ ውሃው ውስጥ የሚቆየውን) 1.5 ሚሊግራም በሊትር ብናደርሰውም መጨረሻው ብሎክ ላይ 0.05 ነው፤ ባክቴሪያውም እዚያው መልሶ ይራባል። ቅርብ ያሉት ቤቶች ደግሞ ከሽታው የተነሳ አንጠጣም ብለዋል። መስመሩ 300 ሜትር ፒቪሲ ነው፤ የውስጥ ስፋቱ 80 ሚሊሜትር። ክሎሪኑን ቀንሼ ባክቴሪያውን እንዴት ልቆጣጠር?

የመስመር ሰው
መጀመሪያ ክሎሪኑ የት እንደሚያልቅ ይለዩ። ንጹህ ቡናማ ጠርሙስ ክሎሪን በበዛበት ውሃ ዘፍዝፈው ያለቅልቁ፤ ከታንከሩ መውጫ አፉ ድረስ ሞልተው ከድነው ጨለማ ቦታ ያስቀምጡ። ሲሞሉ አንዴ፣ ከ24 ሰዓት በኋላ አንዴ ይለኩ። ጠርሙሱ ውስጥ ብዙ ሳይቀንስ ቧንቧው ላይ ከጠፋ፣ ክሎሪኑን የሚበላው ግድግዳው ላይ የተጋገረው ዝቃጭና የባክቴሪያ ልባስ ነው። የክሎሪን መለኪያው ዲፒዲ ቁጥር 1 ታብሌት (ክሎሪን ካለ ውሃውን የሚያቀላው) እንደሟሟ በ1 ደቂቃ ውስጥ ያንብቡ፤ ከቆየ ቀለሙ ይደምቅና ያሳስታል።
ውሃውም 4 ቀን ይቀመጣል፤ ለአዳማ ሙቀት ይህ በጣም ብዙ ነው። የታንከሩን የውሃ ከፍታ በግማሽ ይቀንሱ።

ኬሚስት
በፈረቃ ውሃ የሚያገኝ ግቢ ክምችቱን በግማሽ ቀንስ ማለት ይከብዳል። ይልቅ መግቢያና መውጫው በአንድ ጎን ከሆነ መግቢያውን እስከ ማዶ ጥግ ያርዝሙት፤ አለዚያ አዲሱ ውሃ ገብቶ ወዲያው ይወጣል፣ ማዶ ያለው ይከርማል። ወለሉ ላይ የተኛውን ጭቃም ያውጡ።
ክሎሪኑን በአንዴ አይድፉት። 30 ሜትር ኩብ ላይ 0.5 ሚሊግራም በሊትር ለመጨመር 65 በመቶ ክሎሪን ያለው ኤችቲኤች (የክሎሪን ዱቄት) 23 ግራም ይበቃል። በ20 ሊትር ባልዲ በጥብጠው ያጥልሉ፤ ጠራውን ብቻ ውሃው በሚገባበት ሰዓት መግቢያው ላይ ያንጠባጥቡ። አተላው ከገባ ማንጠባጠቢያውን ይደፍነዋል።

ጠያቂ
አመሰግናለሁ። ጠርሙሱ ከ1.5 ወደ 1.2 ብቻ ወረደ። ቧንቧውን እንዴት ልጠብ?

የመስመር ሰው
ቅርንጫፎቹን በሙሉ ዝጉ፤ ያለዚያ የተነሳው ዝቃጭ ቤት ይገባል። ፓምፑን አስነስታችሁ የመጨረሻውን ማጠቢያ ቫልቭ ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። ፍጥነቱ በሰከንድ 1.5 ሜትር መድረስ አለበት፤ ለእናንተ ቧንቧ በሰከንድ 7.5 ሊትር ማለት ነው። የ200 ሊትር በርሜል በ27 ሰከንድ ግድም ከሞላ ደርሷል። በዝግታ የሚፈስ ውሃ ልባሱን አይፋቅም፣ ውሃ ማባከን ብቻ ነው። መስመሩ የሚይዘው 1.5 ሜትር ኩብ ስለሆነ በ10 ደቂቃ ሦስት ጊዜ ይታጠባል፤ ካልጠራ ቀጥሉ።

ኬሚስት
ከታጠበ በኋላ ታንከሩ ላይ ያለውን በየሳምንቱ 0.2 እየቀነሱ ጠዋት ማንም ሳይቀዳ መጨረሻው ብሎክ ላይ ይለኩ፤ ናሙናው ከሮቶ በፊት ካለው ቧንቧ ይሁን። እዚያ ግን ከ0.2 በታች አይውረዱ። ኔዘርላንድ ያለ ቀሪ ክሎሪን የምታከፋፍለው ባክቴሪያ የሚመገበውን ኦርጋኒክ ነገር ከምንጩ አጥርታ፣ ግፊቱም ሳይቋረጥ ነው። ውሃ በሚቋረጥበት መስመር ግን ግፊቱ ሲወርድ ቧንቧው በስንጥቁ የውጭ ቆሻሻ ይስባል።