ስለ ሐይቁ የምንሠራው ተውኔት ስብከት ሆነብኝ፤ ልተወው ወይስ ላስተካክለው?

ከመጋረጃው ጀርባ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። እዚሁ ሐዋሳ በቀበሌ የቴአትር ክበብ ጀምሬ ከአሥር ዓመት በላይ በመድረክ ላይ የቆየሁ ተዋናይ ነኝ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት ከሠፈራችን ወጣቶች ጋር በአሞራ ገደል አካባቢ የሐይቁን ዳርቻ እናጸዳለን። ይህን የሰማ አንድ መሥሪያ ቤት ስለ ብክለት የሚያስተምር አጭር ተውኔት እንድሠራ ጠየቀኝና በደስታ ተቀበልሁ። ጽሑፉ ሲደርሰኝ ግን የእኔ ገጸ ባሕርይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓሣ አጥማጅ የሚገሥጽ አዋቂ ሆኖ አገኘሁት። ዓሣ አጥማጁ አንዲት ቃል አይመልስም፤ ራሱን እየነቀነቀ ከሰማ በኋላ ፌስታሉን ከመሬት አንሥቶ ይወጣል።

ቤት ውስጥ ቃለ ተውኔቱን ሳጠና የሰማችኝ የዘጠኝ ዓመት ልጄ፣ «አባዬ፣ ሰውየው ምን አድርጎ ነው የምትቆጣው?» አለችኝ፤ መልስ አጣሁ። ባለቤቴም ቅዳሜ ለሐይቁ፣ ማታ ለልምምድ፣ እሑድ ለሠርግ መድረክ መሪነት ስወጣ እኛ መቼ ነው ተራ የሚደርሰን ማለት ጀምራለች። ክፍያው ያስፈልገኛል፤ ሐይቁንም እወዳለሁ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

የቀድሞ አዘጋጅ

ወንድሜ፣ ልጅህ ብዙ ገምጋሚ ያላየውን አይታለች። መልስ የማይሰጥ ገጸ ባሕርይ ባለበት ግጭት የለም፤ ግጭት በሌለበት ደግሞ ተመልካቹ የሚጠብቀው ነገር አይኖርም፤ ጨዋነት ይዞት ይቀመጣል እንጂ አያይም። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአገራችንን የመጀመሪያ ዘመናዊ ተውኔት ሲጽፉ የዘመኑን ሹማምንት በቀጥታ አልመከሩም፤ እንስሳትን አናገሩ። መልእክቱ የገባቸው ሰዎች ተቆጡ፣ ተውኔቱም ታገደ። ምክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ማንም ከቁም ነገር ባልቆጠረው ነበር።

ስለዚህ ሥራውን አትተወው። ለዓሣ አጥማጁ ክርክር ስጠው። መረቡን በብድር የገዛ፣ ትልልቁ የቆሮሶ ዓሣ ስለጠፋበት ዓይኑ ጠባብ በሆነ መረብ ጫጩቱን ለማውጣት የተገደደ ሰው ይሁን። አንተን የሚረታበት ቦታ ከሌለ ትዕይንቱን ድገመው።

የጥቁር ውሃ ልጅ

የውሃ ነገር ሙያዬ ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። የሐዋሳ ሐይቅ ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በገጸ ምድር የሚወጣለት ወንዝ ግን የለም፤ የገባበት ቆሻሻ እዚያው ይቀራል ማለት ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚገባለት ዋነኛ ወንዝ ጥቁር ውሃ ሲሆን፣ ወደ ሐይቁ የሚደርሰው በጨለለቃ ረግረግ በኩል አልፎ ነው። ጨለለቃ በደኅናው ዘመን እንደ ማጥለያ ሆኖ ከምሥራቁ ተዳፋት የሚወርደውን አፈር ያስቀር ነበር፤ ዛሬ አብዛኛው ደርቆ የከብት መሰማሪያ ሆኗል። ሰው ስለ ብክለት ሲያወራ ቶሎ የሚታየው ዳርቻው ላይ የተጣለው ፌስታል ነው፤ እርግጥ ፌስታሉም መነሣት አለበት። ነገር ግን ደለሉ፣ ከእርሻ የሚታጠበው ማዳበሪያና የከተማው የዝናብ ፍሳሽ እያለ ጥፋቱን ሁሉ ጀልባ ላይ ባለ ድሃ ትከሻ ማኖር ሐሰት ነው፤ ተውኔታችሁ በሙያም በእውነትም የሚስተው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

የሁለት ልጆች እናት

ስለ ቤቱ ማንም ስላላነሣ እኔ ላንሣ፤ ባለቤቴ እንደ እርስዎ የመድረክ ሰው ነው። የጊዜ እጥረቱን ለመፍታት ብሎ ልጆቻችንን ወደ ጽዳት ይወስዳቸው፣ ጓንት አልብሶ ፎቶግራፍ ያነሣቸው ነበር። ትልቁ ልጃችን ውሎ አድሮ ቅዳሜ ሲደርስ ሆዴን አመመኝ ማለት ጀመረ፤ ልጁ ሐይቁን ጠልቶ አይደለም፤ ከአባቱ ጋር መሆን ፈልጎ ለሰው መታያ መደረጉ ነው ያስከፋው። እርስዎም በወር አንዱን ቅዳሜ ለወጣቶቹ ይተዉላቸው፤ ያለ እርስዎ ማጽዳት ካልቻሉ ድሮም አልተደራጁም ማለት ነው። ጋሼ አዘጋጁ ያሉትን ሁሉ እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ጽሑፉን እንደገና መጻፍ ሌላ ሦስት ሳምንት ማታ ማታ መውጣት መሆኑን ባለቤትዎ አስቀድማ ትወቅ፣ ለድጋሚ ጽሑፉም ተጨማሪ ክፍያ ይጠይቁ።

ከመጋረጃው ጀርባ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ቅዳሜ ጽዳቱን ለወጣቶቹ ትቼ ከልጄ ጋር ብቻ አሞራ ገደል ሄድን። እሷ የዓሣ ትርፍራፊ የሚጠብቁትን አባ ኮዳ የተባሉ ትልልቅ ወፎች ስትቆጥር፣ እኔ መረቡን ይጠግን ለነበረ አንድ ዓሣ አጥማጅ የጽሑፉን ምክር አነበብሁለት። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ከሰማኝ በኋላ፣ «እሺ፣ ፌስታሉን እኔ አነሣለሁ፤ ከላይ የሚወርደውን አፈርስ ማን ያነሣዋል?» አለኝ። ጥያቄውን እንዳለ ጽሑፉ ውስጥ አስገብቼዋለሁ፤ አዋቂው ምን ብሎ እንደሚመልስለት ግን ገና አልጻፍሁም። የተጨማሪ ክፍያውን ነገር ሰኞ እጠይቃለሁ።