5 በመቶ ድርሻ ስንት ድምፅ ያሰጣል?

ባለ ጀልባው (ፐርዝ)፦
ዛሬ ስለ ሎብስተር፣ ጠንካራ ልባስ ስላለው የባሕር እንስሳ፣ እንከራከር። እዚህ ምዕራብ አውስትራሊያ "ክሬይ" ይሉታል። እንደ አሜሪካው (የሜይኑ) ሎብስተር ትልቅ መቆንጠጫ የለውም። እንዲያዝ የሚፈቀደው የተከፋፈለው እንዲህ ነው፦ 95 በመቶ ለነጋዴ አጥማጆች፣ 5 በመቶ እንደኔ ለመዝናናት ለሚያጠምዱ፣ 1 ቶን ደግሞ ለነባር ሕዝቦች ባህላዊ አጠማመድ። ደንብ ሲቀየር ሐሳባችንን ይጠይቁናል። መጠየቅ ብቻ ግን አይበቃኝም። ኮታ (የሚፈቀደው የማጥመድ መጠን) ሲወሰን እኛም ጠረጴዛው ላይ እንቀመጥ ነው የምለው።

ፈቃድ ከፍለን ነው የምናወጣው። ለአንድ ሰው ሁለት ወጥመድ፣ በቀን ስምንት ክሬይ። የፊተኛው የሰውነቱ ክፍል ጠንካራ ልባስ ርዝመቱ ከ76 ሚሊ ሜትር ካነሰ ወደ ባሕር ይመለሳል። ዕንቁላል የያዘችም እንደዚሁ። እንዳንሸጠው ደግሞ ጅራቱ ላይ ምልክት እናደርጋለን። ይህ ሁሉ ግዴታ እያለብን መብቱ የት ሄደ?

ቁጥር ወዳዱ፦
ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ተቆጠር። ነጋዴው የሚያወጣው እያንዳንዱ ኪሎ ይመዘናል፣ ይመዘገባል። ያንተ የሚታወቀው በግምት ነው። ፈቃድ ካላቸው የተወሰኑት ይጠየቁና ከዚያ ተነሥቶ ይሰላል። ሰው ስለያዘው ዓሣ ሲያወራ ደግሞ ታውቀዋለህ። አራት የያዘም ስምንት ይላል፣ አሥር የያዘም ስምንት ይላል።

የዚህ ባሕር በረከት ቆጠራው ነው። የክሬይ ጫጩት ከተፈለፈለ በኋላ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ከ9 እስከ 11 ወር ይንሳፈፋል። ከዚያ ብርጭቆ መስሎ፣ ጣት በማታክል ቁመና ወደ ዳርቻ ይመለሳል። ተመራማሪዎች ሰው ሠራሽ የባሕር ሣር ዘርግተው ስንት እንዳረፈበት ይቆጥራሉ። ያን ቁጥር አይቶ ከ3 ወይም ከ4 ዓመት በኋላ ወጥመድ ውስጥ ምን ያህል እንደሚገባ መገመት ይቻላል። በፈረንጆቹ 2008 አካባቢ ቁጥሩ ክፉኛ ወረደ። ትልቁ ክሬይ ገና ባሕሩ ውስጥ ሞልቶ ሳለ የንግዱን ማጥመድ ቀነሱት። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ኮታ የተገባው። ያን ጊዜ በድምፅ ብልጫ ቢሆን ኖሮ ማን "ይቀነስ" ብሎ እጁን ያወጣ ነበር?

እሙ፦
ሁሉንም ነገር ቁጥር ነው የወሰነው አትበለኝ እንጂ! በፈረንጆቹ 2018 መጨረሻ የምዕራብ አውስትራሊያ መንግሥት የንግዱን መጠን ከ6,300 ወደ 8,000 ቶን ላሳድግና 17 በመቶውን ራሴ ልያዝ አለ። ነጋዴዎቹ "ንብረታችን ሊነጠቅ ነው" ብለው ተነሡ። በ2019 መጀመሪያ ዕቅዱ ቀረ። የተደራጀ ጮኸ፣ ተሰማ። ባለ ሁለት ወጥመዱ ግን ማን አለው?

ቁጥር ወዳዱ፦
ሬክፊሽዌስት አለዋ! የመዝናኛ አጥማጆች ድርጅት ነው። ሥራውም ስለ እናንተ መከራከር ነው።

የጄራልድተን ጎረቤት፦
እኔ የማየው ሌላ ነው። በፈረንጆቹ ኅዳር 2020 ቻይና ክሬይ መግዛት አቆመች። ከሚያዘው አብዛኛው ወደዚያ ነበር የሚሄደው። በሩ የተከፈተው በ2024 ማለቂያ ላይ ነው። አራት ዓመት ሙሉ! የጀልባ ዕዳ ያለበት ሰው እንቅልፍ አጥቶ ሲያድር የቅዳሜ አጥማጅ ምን ጎደለበት? ኪሳራው የማይደርስበት ሰው ውሳኔው ላይ እኩል ይቀመጥ ማለት አይዋጥልኝም።

ባለ ጀልባው፦
እኩል አላልኩም። ደግሞስ ባሕሩ የነጋዴ ርስት ነው እንዴ? ፈቃዱ የማጥመድ ፈቃድ ነው፣ ባሕሩን አልገዙትም። አንድ ነገር ግን አልክድም። እነሱ ኮታውን ዝቅ አድርገው ባሕሩ ሲሞላ እኔም ተጠቃሚ ነኝ። ድሮ ባዶ ትመለስ የነበረች ወጥመዴ ዛሬ አታሳፍረኝም።

ጋሽ ታዛቢ፦
ልጆቼ፣ "ክንፍና ቅርፊት የሌለውን አንበላም" ተብለን አድገን በክሬይ ስንናከስ ማየት ደስ ይላል።

እኔ ያደግሁት ጣና ዳር ነው። ዓሣው በክረምት ዕንቁላሉን ሊጥል ወደ ጉማራና ወደ ርብ ይወጣል። የወንዙ አፍ ላይ መረብ ይጠብቀዋል። ደንብ የለም አይደለም፣ አለ። ግን ሰው ያላመነበትን ደንብ ሌሊት ማን ያስከብራል? የእናንተም ባሕር ሰፊ ነው። በእያንዳንዱ ታንኳ ላይ ተቆጣጣሪ አይቀመጥም። ለዚህ ስል ከባለ ጀልባው ጋር ነኝ። ሲወሰን የነበረ ሰው ደንቡን የራሱ ያደርገዋል።

ቁጥር ወዳዱ፦
ጋሼ፣ እርስዎ ካሉ ልለዝብ። ወንበር ይሰጣቸው። ግን በነፃ አይሆንም። ባለ ፈቃድ ሁሉ የያዘውን በየቀኑ በስልኩ ይመዝግብ። ባዶ የተመለሰም "ዜሮ" ብሎ ይጻፍ። ያልመዘገበ በሚቀጥለው ዓመት ፈቃድ አያድስ። ባለ ጀልባው፣ ትስማማለህ?

ባለ ጀልባው፦
ቅር ቅር ይለኛል። ለመዝናናት ወጥቼ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ልሁን? ... እሺ ይሁን፣ እስማማለሁ። ነገር ግን ዝርዝሩ ለገበያ እንዳይውል። ወጥመዴን የምጥልበትን ቦታ ለወንድሜም አልነገርኩም።

የጄራልድተን ጎረቤት፦
ቦታውን ማን ጠየቀህ! ቁጥሩን ብቻ። እስቲ ከአሁኑ ጀምር፣ ባለፈው ቅዳሜ ስንት ያዝክ?

ባለ ጀልባው፦
ሦስት።

እሙ፦
አራት ነበር ያልከኝ።

ባለ ጀልባው፦
አንዷ ዕንቁላል ይዛ ነበር፣ መለስኳት። እሷም ትቆጠራለች?