ከየሮክ ባንዱ አንድ አልበም ብቻ ቢባል የቱ ይመረጥ? ጥቆማችሁን አምጡ

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የድሮውን ሮክ በነጠላ ዘፈን ሳይሆን በሙሉ አልበም መስማት ለሚፈልግ ሰው ከየባንዱ አንድ አንድ አልበም ጠቁሙ። የ"ምርጥ ዘፈኖች" ስብስብ አይቆጠርም። "አሪፍ ነው" ብላችሁ ብቻ አትለፉ፤ በምን እንደሚበልጥ ንገሩን፤ የትኛው እትም ቢገዛ ወይም ቢወርድ እንደሚሻል የምታውቁም ጨምሩበት። ዓመቱ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ይሁን።

ጊታሪስት፦
ክርክሩ የሚከረው ዲፕ ፐርፕል ላይ ስለሆነ ከዚያው ልጀምር። የእኔ ምርጫ "ማሽን ሄድ" ነው፣ 1972። ሰባት ዘፈን፣ 37 ደቂቃ ገደማ፣ የሚዘለል የለውም። ሊቀዱበት የነበረው የስዊዘርላንዱ የሞንትሮ ካዚኖ ዲሴምበር 4 ቀን 1971 በፍራንክ ዛፓ ኮንሰርት መሃል ተቃጠለባቸው። በመጨረሻ ለክረምት የተዘጋውን ግራንድ ሆቴል ይዘው ኮሪደሩ ላይ መሣሪያቸውን ዘረጉ። መቅጃው ደጅ የቆመው፣ መኪና ላይ የተሠራው የሮሊንግ ስቶንስ ተንቀሳቃሽ ስቱዲዮ ነበር። የቀዱትን ለመስማት በየበረንዳውና በየክፍሉ እየተሹለኮሉ እስከ መኪናው መሄድ ስለነበረባቸው መመላለሱን ተዉት። አልበሙ ላይ የሚሰማው ትኩስነት ግማሹ ከዚህ የመጣ ነው፤ ተጫውተው አለፉ እንጂ ሲያሹትና ሲለቃልቁት አልከረሙም።

"ስሞክ ኦን ዘ ዋተር" ላይ ያለችውን መግቢያ በቅርበት እዩዋት። ጂ፣ ቢ ፍላት፣ ሲ ናት። ባቲ ማይነርን ከጂ ብትጀምሩት ጂ፣ ቢ ፍላት፣ ሲ፣ ዲ፣ ኤፍ ይሰጣችኋል፤ ስለዚህ ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይደለችም። ከቅኝቱ ውጪ የምትገባው አንዲት ዲ ፍላት ናት፤ እሷ ናት ብሉዝ የምታደርገው። ጀማሪ ሁሉ የሚያበላሸው በአምስተኛ ርቀት፣ በተለመደው ፓወር ኮርድ ስለሚመታት ነው። የባንዱ ጊታሪስት ሪቺ ብላክሞር የሚጫወታት በአራተኛ ነው፦ ዲ ከጂ፣ ኤፍ ከቢ ፍላት፣ ጂ ከሲ። ሁለቱን ክር በጣቶቹ እኩል ይነቅላል። በፒክ ስትመቱት አንዱ ክር ከሌላው ይቀድምና ያ ድፍን ያለ ድምፅ ይጠፋል።

ሳውንድ ኢንጂነር፦
በሪፉ፣ ማለትም በዚያች ተደጋጋሚ የጊታር መግቢያ፣ እስማማለሁ፤ በአልበሙ ግን አልስማማም። የዲፕ ፐርፕል ቁንጮ "ሜድ ኢን ጃፓን" ነው። ኦገስት 15 እና 16 ቀን 1972 ኦሳካ፣ በ17 ደግሞ ቶኪዮ ቡዶካን የተቀዳ የመድረክ አልበም። አራቱ ዘፈኖች የ"ማሽን ሄድ" ናቸው፤ ግን ሁሉም ሰፍተዋል። "ስፔስ ትራኪን" ስቱዲዮ ውስጥ አራት ደቂቃ ተኩል የነበረው እዚህ ወደ 20 ደቂቃ ይጠጋል። የጆን ሎርድ ሃሞንድ ኦርጋን በማርሻል አምፕሊፋየር አልፎ ሲያጉረመርም ከጊታሩ ለመለየት ያስቸግራል፤ ይሄ ነገር ስቱዲዮው ላይ የታፈነ ነው። ስሙ ሲሰማችሁ "የመድረክ ቅጂ ነው፣ ጥራት የለውም" ብላችሁ አትለፉት። የዚያን ዘመን የመድረክ ቅጂ እንዲህ ጥርት ብሎ ማግኘት ብርቅ ነው።

ጊታሪስት፦
ወንድሜ፣ ያነሳኸው ሁሉ ልክ ነው፤ ግን 20 ደቂቃ የሚሄድ ዘፈን ለአዲስ አድማጭ የመጀመሪያ ምግብ አይሆንም። መጀመሪያ "ማሽን ሄድ"፣ ከዚያ ጃፓኑ። እትም ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የ1997ቱ የ25ኛ ዓመት ሲዲ ሁለት ዲስክ ነው፤ በአንዱ ላይ ያሉት የባንዱ ቤዝ ጊታሪስት ሮጀር ግሎቨር እንደገና ሚክስ ያደረጋቸው ናቸው። በ2024 ደግሞ በድዊዚል ዛፓ ሌላ ሚክስ ወጥቷል። ሪማስተር ማለት የድሮውን ሚክስ ማጽዳት ነው፤ ሪሚክስ ግን የመሣሪያዎቹን ሚዛን ይቀይራል፣ አንዳንዴም ያልተመረጠ ሶሎ ያስገባል። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሰሙ የድሮው ሚክስ መሆኑን አረጋግጡ።

ድራመር፦
ሌድ ዘፔሊን። ርዕስ የሌለው አራተኛው አልበም፣ ኖቬምበር 1971። ብዙ ሰው "ስቴርዌይ ቱ ሄቨን"ን ብሎ ይሄዳል፤ አልበሙን አልበም ያደረገው ግን የመጨረሻው ዘፈን "ዌን ዘ ሌቪ ብሬክስ" ነው። የቀዱት ሃምፕሻየር ገጠር ውስጥ ሄድሊ ግሬንጅ በሚባል አሮጌ ትልቅ ቤት ነው። የጆን ቦናም ድራም ከደረጃው ግርጌ፣ አዳራሹ ላይ ተቀመጠ፤ ኢንጂነሩ አንዲ ጆንስ ሁለት የቤየር ኤም 160 ማይክ ብቻ ከላይኛው ፎቅ አንጠለጠለ። ያንን በቢንሰን ኢኮ፣ በማስተጋቢያ መሣሪያ፣ አሳልፎ የድምፁን ከፍታና ዝቅታ በሚያቀራርብ ኮምፕሬሰር ጨመቀው፤ ቴፑም ዘግየት ተደርጓል። በቃ፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ይህን ድምፅ ለማምጣት የሚሞክሩ ሰዎች የሚሳሳቱበት ቦታ ሁሌም አንድ ነው። ለእያንዳንዱ ከበሮ ማይክ ይደግኑና መጨረሻ ላይ ሪቨርብ፣ ሰው ሠራሽ ማስተጋባት፣ ይደፉበታል። አይሆንም። የሚሰማችሁ የክፍሉ ድምፅ ነው፤ ማይኩ መራቅ አለበት፣ ጣሪያው ከፍ ያለ መሆን አለበት። ቤዝ ድራሙንም በትራስና በብርድ ልብስ አትጠቅጥቁት። የቦናም 26 ኢንች ነው፤ አየሩ ሲንቀሳቀስ ነው የሚያገሳው። በትንሽ የስልክ ስፒከር ብትሰሙት ደግሞ ይህ ሁሉ የለም፤ ቢያንስ ደህና የጆሮ ማዳመጫ ያስፈልጋል።

ሸክላ ሰብሳቢ፦
አራተኛው ጥሩ ነው፣ እኔ ግን "ፊዚካል ግራፊቲ"ን እሰጣለሁ፣ 1975። ሁለት ሸክላ፣ 15 ዘፈን። ስምንቱ አዲስ የተቀዱ፣ ሰባቱ ደግሞ ከቀድሞ አልበሞች የተረፉ ናቸው። ትርፍራፊ ስለተባለ አትናቁት፤ ባንዱ የሚችለውን ሁሉ በአንድ ቦታ የምታገኙት እዚህ ነው፤ ብሉዙንም፣ የምሥራቁን ዜማም፣ ፈንኩንም።

ሸክላ ለሚገዛ፦ የዘፔሊን ሁለተኛ አልበም የመጀመሪያው የአሜሪካ እትም በኢንጂነሩ ሮበርት ላድዊግ የተቆረጠ፣ ማለትም ድምፁ ለሸክላ ማተሚያ የተቀረጸ፣ ነው፤ ቤዙ ከመጠን በላይ ጮሆ ስለተቆረጠ በርካሽ ማጫወቻ ላይ መርፌው ይዘል ነበር። ኩባንያው ወዲያው ለስለስ አድርጎ አስቆረጠው። ሰብሳቢ የሚያሳድደው ግን የመጀመሪያውን ነው። ምልክቱ ከመጨረሻው ዘፈን በኋላ ባለው ባዶ ቦታ ላይ በእጅ የተጫረ "አር ኤል" ነው። በሁለቱም ሳይድ መኖሩን እዩ፤ በአንዱ ብቻ ያለበትም ይሸጣልና። ለመስማት ብቻ ከሆነ የባንዱ ጊታሪስት ጂሚ ፔጅ በ2014 እና በ2015 ያወጣቸው ሪማስተሮች በቂ ናቸው፤ የሰብሳቢ ዋጋ አትክፈሉ።

ጠያቂ፦
ፒንክ ፍሎይድስ? ሁሉም "ዳርክ ሳይድ" ይላል። ከዚያ ውጪ የሚል አለ?

ሳውንድ ኢንጂነር፦
አለ፤ እኔ። "ዊሽ ዩ ዌር ሂር"፣ 1975። "ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን" (1973) በአሠራር ሊደረስበት አይችልም፤ አቢ ሮድ ውስጥ በአለን ፓርሰንስ ኢንጂነርነት ተቀድቶ ዛሬም የድምፅ መሣሪያ መፈተሻ ሆኖ ያገለግላል። "ዊሽ ዩ ዌር ሂር" ግን ልብ ያለው አልበም ነው። ከባንዱ በአእምሮ ሕመም የተለየውን ሲድ ባሬትን ነው የሚናፍቁት። "ሻይን ኦን" ዘጠኝ ክፍል አለው፤ አምስቱ አልበሙን ይከፍታሉ፣ አራቱ ይዘጉታል። ድምፃዊው ከስምንት ደቂቃ በላይ አይገባም። ትዝታ ላይ መሣሪያው ብቻውን ረጅም መንገድ ሄዶ ዘፋኙን ሲያዘገይ የለመደ ጆሮ እዚህም አይቸኩልም።

ሁለቱንም ስትሰሙ የሚያጋጥማችሁን ችግር አስቀድሜ ልንገራችሁ። "ዳርክ ሳይድ" ላይ ዘፈኖቹ እርስ በርስ የተሰፉ ናቸው። ኤምፒ3 ሲሠራ በየፋይሉ መጀመሪያና መጨረሻ ትንሽ ዝምታ ስለሚጨመር መጋጠሚያው ላይ ቁርጥ ይላል። ክፍተት የሚያስቀር፣ ጋፕለስ የሚባለውን ማጫወት የሚችል አፕ ተጠቀሙ፤ አንዱን ዘፈን በሌላው ላይ የሚደርበውን ክሮስፌድ ዜሮ አድርጉ፤ ቅደም ተከተል የሚያምታታውን ሸፍል አጥፉ። "ዊሽ ዩ ዌር ሂር" ርዕሱን የያዘው ዘፈን ሲጀምር ደግሞ ጊታሩ ቀጥኖ በአሮጌ ሬዲዮ እንደሚመጣ ይሰማል። የጆሮ ማዳመጫችሁ አልተበላሸም፤ ሆን ተብሎ ነው፤ ሁለተኛው ጊታር ሲገባ ድምፁ ይሞላል።

ጊታሪስት፦
ብላክ ሳባት ላይ "ፓራኖይድ" (1970) ለመግባት ይቀላል፤ የእኔ ግን "ማስተር ኦፍ ሪያሊቲ" ነው፣ 1971። ቶኒ አዮሚ በፋብሪካ አደጋ የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ያጣ ሰው ነው፤ ክር የሚይዝባቸውን ጣቶች። ከፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ በሠራው ቆብ ነው መጫወት የቀጠለው። ክሩ እንዲላላለት እዚህ አልበም ላይ በከፊሎቹ ዘፈኖች ጊታሩን በሦስት ግማሽ ድምፅ አውርዶ ሲ ሻርፕ ላይ አሰረው፤ ከዚያ በኋላ የመጣ ብዙ ከባድ ሮክ ይህንን ተከተለ። ልትሞክሩት ብትፈልጉ በ9 ወይም በ10 ቁጥር ክር ብታወርዱት ክሩ ተልፈስፍሶ ፍሬቱ ላይ ይንጫጫል፤ 11 ወይም 12 እሰሩ፣ ኢንቶኔሽኑንም፣ በየፍሬቱ ያለውን የቃና ልክ፣ እንደገና አስተካክሉ። ከጃኖ ባንድ "ኤርታሌ" ተነስቶ ወደ ውጭው ሮክ መሻገር ለሚፈልግ አድማጭ በዚህና በ"ማሽን ሄድ" በኩል ያለው መንገድ ይቀርበዋል።

ሸክላ ሰብሳቢ፦
ሮሊንግ ስቶንስ፦ "ኤግዛይል ኦን ሜይን ስትሪት"፣ 1972፣ ያለ ክርክር። 18 ዘፈን፣ አብዛኛው በደቡብ ፈረንሳይ ጊታሪስቱ ኪት ሪቻርድስ በተከራየው ቪላ ምድር ቤት የተጀመረ፤ ሎስ አንጀለስ ነው ያለቀው። ምድር ቤቱ ሙቀትና እርጥበት ስለነበረበት ጊታሮቹ ከቃና ይወጡባቸው ነበር፤ ይሰማል። የድምፃዊው የሚክ ጃገር ድምፅም መሣሪያው ውስጥ ተቀብሯል። ትሬብሉን ከፍ አድርጋችሁ ልታወጡት አትሞክሩ፤ ሚክሱ እንደዚያ ነው። ከብዷችሁ ከሆነ ከሁለተኛው ሳይድ ጀምሩ፣ ከ"ስዊት ቨርጂኒያ"። እዚያ ያለው አኩስቲክና ካንትሪ ነው፤ ኬኒ ሮጀርስን ሲሰማ ላደገ ሰው በሩ ወለል ብሎ ይከፈትለታል።

ሳውንድ ኢንጂነር፦
ቀሪዎቹን ቶሎ ቶሎ። ኩዊን፦ "አ ናይት አት ዚ ኦፔራ"፣ 1975። ክሪደንስ ክሊርዋተር ሪቫይቫል፦ "ኮስሞስ ፋክተሪ"፣ 1970። ኢግልስ፦ "ሆቴል ካሊፎርኒያ"፣ 1976። ኤሲ ዲሲ፦ "ባክ ኢን ብላክ"፣ 1980፤ ጀማሪ ጊታሪስት የባንዱን ሪትም ጊታሪስት ማልኮም ያንግን ይስማ፣ ከሶሎው ይልቅ ምቱን።

ፍሊትውድ ማክ "ሩመርስ"፣ 1977። ይህንን ሲሠሩ ቴፑ ደጋግሞ በመጫወት ብዛት አልቆ ከፍተኛው ድምፅ መሞት ጀምሮ ነበር፤ የመጀመሪያውን ቅጂ ከደህናው ቴፕ አምጥተው በጆሮ እየገጠሙ አዳኑት። ያ ሁሉ ሥቃይ አልበሙ ላይ አይታይም፤ ንጹሕ ነው።

ዳየር ስትሬትስ ላይ "ብራዘርስ ኢን አርምስ" (1985) የምትሉ ሸክላ ከሆነ ተጠንቀቁ። የመጀመሪያው ባለ አንድ ሸክላ እትም 47 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ሲዲው 55። ቦታ ስላልበቃ አንዳንዶቹ ዘፈኖች አጥረዋል። ሙሉውን በሸክላ የሚፈልግ በኋላ በሁለት ሸክላ የታተመውን ይፈልግ። እኔ ግን "ሜኪንግ ሙቪስ"ን (1980) አስቀድማለሁ፤ ሰባት ዘፈን ብቻ፣ ማርክ ኖፍለር እንዲህ አድርጎ ታሪክ የተረከበት አልበም የለም።

ጊታሪስት፦
የዶርስ የመጀመሪያ አልበም (1967) ላይ አብራችሁ ለመጫወት ከሞከራችሁና ጊታራችሁ አልገጥም ካለ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። የስቴሪዮው ቅጂ ፍጥነቱ ዝቅ ብሎ ለዓመታት ታትሟል፤ "ላይት ማይ ፋየር" ላይ በደንብ ይታወቃል። የ40ኛ ዓመቱ እትም ላይ ተስተካክሏል።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ዳታ ለሚቆጥር ሰው ስንት ይፈጃል? "ዘ ሁ" የተባለው ባንድም ተረሳ።

ሳውንድ ኢንጂነር፦
በ320 ኪሎቢት 43 ደቂቃ የሆነው "ዳርክ ሳይድ" ወደ 103 ሜጋባይት ይመጣል፤ በዚህ ስሌት አሥር አልበም አንድ ጊጋ ገደማ ነው። ጥራቱ ሳይቀንስ የሚጨመቀውን ፍላክ ካላችሁ ሁለት ሦስት እጥፍ አስቡ፤ በዋይፋይ አውርዱት። ዩቲዩብ ላይ ግለሰቦች የሚጭኑትን ሙሉ አልበም አትመኑ፤ ከቅጂ መብት ለማምለጥ ፍጥነቱን ወይም ቃናውን የሚነካኩ ብዙ ናቸው።

ሸክላ ሰብሳቢ፦
"ዘ ሁ"ን ለመጨረሻ ነበር ያቆየሁት። ስቱዲዮ ከተባለ "ሁስ ኔክስት"፣ 1971። በመድረክ "ላይቭ አት ሊድስ"፣ 1970፣ የሦስት መሣሪያ ባንድ ምን ያህል ግድግዳ ሊያፈርስ እንደሚችል እሱ ያሳያል። የመጀመሪያው ሸክላ ስድስት ዘፈን ብቻ ነበረው፤ የ1995ቱ ሲዲ 14 ነው፤ እሱን ውሰዱ። የድሮውን ሸክላ ያገኘ ሰው ግን ስንጥቅጥቅ የሚል ድምፅ ሰምቶ መርፌ አይቀይር፣ ለሻጩም አይመልስ። ድምፁ ቴፑ ላይ ያለ ነው፤ ሸክላው መሃል ላይ ባለው ወረቀት ላይም ድምፁ ጤነኛ መሆኑና መታረም እንደሌለበት በእጅ ጽሕፈት ተጽፏል። በ1995ቱ ሲዲ ላይ ጸድቷል።