በኪራይ ክፍል ውስጥ ጥሩ ቮካል ለመቅዳት ምን ይሻለኛል? (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ ዜመኛዋ (አዳማ)

ሰላም ለሁላችሁ። እቤቴ መቅዳት ጀምሬያለሁ፤ ግን የሚወጣው ድምፅ ሽንት ቤት ውስጥ የተዘፈነ ነው የሚመስለው። ከኋላው ደግሞ «እምምም» የሚል የማያቋርጥ ድምፅ አለ። የምኖረው አንድ ክፍል ተከራይቼ ነው። ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ልስን፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ሆኖ ኮርኒስ አለው። ያለኝ ርካሽ ኮንዴንሰር ማይክ ነው፤ ቀጥታ ላፕቶፑ ላይ እሰካውና ኦዳሲቲ በሚባለው የመቅጃ ፕሮግራም እቀዳለሁ። ቢቱን (የምዘፍንበትን ማጀቢያ ሙዚቃ) የማወርደው ከዩቲዩብ ነው። 20 ሺህ ብር አጠራቅሜያለሁ፤ ከዚያ በላይ የለኝም። ማይክ ልቀይር ወይስ ብሩን ስቱዲዮ ገብቼ ልጨርሰው?

መልስ፦ ባለ ሚክሰሩ

እህቴ፣ ብሩን ገና አትንኪው። መጀመሪያ ክፍሉ መሀል ቁሚና አንዴ አጨብጭቢ። ከጭብጨባው በኋላ «ጥንንን» ብሎ የሚቀር ነገር ከሰማሽ፣ ማይኩ እየቀዳልሽ ያለው እሱንም ጭምር ነው። ሴራሚክና ልስን ድምፅ አይውጡም፣ መልሰው ይወረውሩታል። ውድ ማይክ ብትገዢ ያንኑ ድምፅ አጥርቶ ነው የሚቀዳልሽ።

አሁን ፍራሽሽን ከአልጋው አንሺና ከኋላሽ አቁሚው። ከማይኩ ጀርባ አላልኩም፣ ካንቺ ጀርባ ነው ያልኩት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። የአብዛኛው ቮካል ማይክ ድምፅ አያያዝ ካርዲዮይድ ይባላል፤ ፊቱ ያለውን በደንብ ይሰማል፣ ጀርባው ያለውን ግን ብዙም አይሰማም። ፊቱ ያላችሁት ደግሞ አንቺና ካንቺ በስተጀርባ ያለው ግድግዳ ናችሁ። ከግድግዳው ተመልሶ የሚመጣውን ነው መዋጥ ያለብሽ። ግራና ቀኝ ገመድ ወጥሪና ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም የታጠፈ ጋቢ ስቀይ። ግድግዳው ላይ ባይለጠፍ ይመረጣል፤ አንድ ስንዝር ያህል ራቅ ሲል የበለጠ ይውጣል። ምንጣፍ ካለሽ እግርሽ ስር አንጥፊ። ክፍሉ ትክክለኛ መሀል ላይም ጥግም ላይ አትቁሚ።

መልስ፦ ኪያ

እኔ የማውቃቸው ልጆች ግድግዳውን በሙሉ የእንቁላል ካርቶን ነው የለጠፉት። ዋጋውም ምንም አይደል።

መልስ፦ ባለ ሚክሰሩ

ኪያ፣ ለቪዲዮ ያምራል። ለድምፅ ግን እምብዛም ነው። ቀጭን ስለሆነ ቀጫጭኑን ድምፅ ትንሽ ይነካካል እንጂ ወፍራሙን አይነካም። የጎረቤት ጫጫታ ደግሞ ጭራሽ አያስቆምም። በዚያ ላይ በእሳት በቀላሉ የሚያያዝ ነገር ነው። አንድ ወፍራም ብርድ ልብስ ይሻላል።

መልስ፦ ፌዝና ዜሮ

ስለ «እምምም»ው ልመልስ። የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀይና በባትሪ ቅጂ። ከጠፋ ምንጩ ቻርጀሩ ነው፤ ብዙ ኪራይ ቤት ሶኬቱ ኧርዝ የለውም። ሌላው፣ እውነተኛ ኮንዴንሰር 48 ቮልት ይፈልጋል። ፋንተም ፓወር የሚሉት እሱን ነው። የላፕቶፕ ማይክ ቀዳዳ የሚሰጠው ጥቂት ቮልት ብቻ ነው። ርካሾቹ በዚያም እንዲሠሩ ተደርገው ይሸጣሉ፤ ግን ድምፃቸው ደካማ ስለሚሆን ጌይኑን (የማይኩን ድምፅ ማጉያውን) እስከ ጥግ ትጨምሪዋለሽ፣ ያኔ «ሽሽሽ»ው አብሮ ይወጣል።

መልስ፦ የሲልቨር ስፕሪንጉ

ልጄ፣ ከብሩ አውጪ ከተባለ እኔ የማወጣው ለኦዲዮ ኢንተርፌስ ነው። ሰዉ ሳውንድ ካርድ የሚለው፣ ማይኩን ከላፕቶፑ ጋር የሚያገናኘው ሳጥን ነው። ፎከስራይት ስካርሌት ሶሎ ጥሩ ነው፤ ውድ ከሆነብሽ የቤሪንገር ዩኤም 2 አነስ ባለ ዋጋ ይገኛል፣ 48 ቮልትም አለው። ያገለገለ ብትገዢ ነውር የለውም፤ ሻጩ ፊት ሰክተሽ ሞክሪው ብቻ።

ማይኩን ከቀየርሽ ዳይናሚክ ውሰጂ። ቀረብ ብለሽ ስለምትዘፍኚበት ክፍሉን ብዙ አይሰማም። ሹር ኤስኤም 58 ከ1966 ጀምሮ እየተሸጠ ያለ ማይክ ነው፤ የጣሉት እንኳ ይሠራል። ችግሩ ማስመሰያው መብዛቱ ነው። ዋጋው እንግዳ በሆነ መጠን ከረከሰ ጠርጥሪ። የቤሪንገሩ ኤክስኤም 8500 ርካሽ ነው፣ ለጀማሪ አያሳፍርም።

መልስ፦ ባለ ክራሩ

እኔ በዳይናሚኩ አልስማማም። ለስላሳ የምትዘፍን ከሆነ ኮንዴንሰር ትንፋሿን ሁሉ ያወጣላታል። ፍራሹን ካቆመች ያለው ማይክ በኢንተርፌስ በደንብ ሊሠራላት ይችላል። ኢንተርፌሱን ገዝታ ትስማውና ከዚያ ትወስን።

ዜመኛዋ

ጋሼ፣ ሁላችሁም፣ አመሰግናለሁ! ቻርጀሩን ስነቅል እምምሙ ጠፋ። ፍራሹንም አቆምኩ፤ ማስተጋባቱ በጣም ቀነሰ፣ አከራዬ ብቻ «ልትለቂ ነው እንዴ?» አሉኝ። የቀረኝ፦ «ፐ» እና «በ» ስል «ቡፍ» ይላል። ሄድፎን ላይ ደግሞ የራሴ ድምፅ ዘግይቶ ስለሚመጣ ከቢቱ ያስወጣኛል።

መልስ፦ የኳየሯ

እህት፣ ከማይኩ አንድ ስንዝር ራቂ። ከፍ አድርገሽ ስትይው ትንሽ ወደ ኋላ በይ፣ ዝግ ስትይ ተጠጊ። በጣም ከተጠጋሽ ድምፅሽ ይወፍርና ይታፈናል። ለ«ቡፍ»ታው አፍሽን ከማይኩ መሀል ትንሽ ወደ ጎን አዙሪ፤ ትንፋሹ ያልፈዋል። ፖፕ ፊልተር መግዛት አያስፈልግም። የሽቦ ማንጠልጠያ አክብበሽ ስስ ስቶኪንግ ወጥሪበትና ከማይኩ አራት ጣት ያህል ፊት አቁሚው።

የምትዘገዪው ድምፅሽ ኮምፒውተሩ ውስጥ ዞሮ ስለሚመጣ ነው። ለአሁኑ ኦዳሲቲ ላይ ራስሽን መስማቱን አጥፊና አንዱን ጆሮ ከፍተሽ ዝፈኚ፤ ከጆሮሽ ያወረድሽው የሄድፎኑ ጎን ቢቱን እንዳያስጮህ ግን ድምፁን ዝጊው፣ አለዚያ ማይኩ ውስጥ ይገባል። ኢንተርፌስ ስትገዢ ዳይሬክት ሞኒተር የሚል፣ ድምፅሽን በኮምፒውተሩ ሳያዞር ቀጥታ ሄድፎንሽ ላይ የሚያሰማሽ ነገር አለው፣ እሱ ይገላግልሻል።

ጌይኑን የምታስተካክዪው አዝማቹን ጮክ ብለሽ እየዘፈንሽ ነው። ጫፉ ከዜሮ በታች በ12 እና በ6 ዴሲቤል መካከል ይሁን። ቀይ ከበራ ያ ቅጂ አይጠገንም። ፍሪጅ ካለሽ ንቀይው፤ የቤት ቁልፍሽን ፍሪጁ ውስጥ ካስቀመጥሽ ሳትሰኪው አትወጪም። ለክረምት ዝናብ ግን መላ የለኝም። ቆርቆሮ ቆርቆሮ ነው፣ እስኪያባራ ጠብቂ።

መልስ፦ ባለ ሚክሰሩ

ቢቱን ከዩቲዩብ አታውርጂ፣ የተጨመቀ ነው። ከአቀናባሪው በዌቭ (ባልተጨመቀ) ፋይል ጠይቂ። ሚክስ ስታደርጊ መጀመሪያ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጪ፤ እዚያ ያለው የመኪናና የእግር ኮቴ ጉርምርምታ ነው። ኮምፕረሰሩን (ጮክ ያለውን ድምፅ ዝቅ የሚያደርገውን) 3 ለ1 አካባቢ ጀምሪና ጫፎቹን ከ3 እስከ 6 ዴሲቤል ብቻ ያውርድ። ሪቨርቡን (ማስተጋቢያውን) ጨምሪና ልክ መሰማት ሲጀምር ትንሽ መልሺው።

ዜመኛዋ

ኦቶቲዩንስ (የሳተ ዜማ የሚያስተካክለው)? የምዘፍነው ባቲ ነው።

መልስ፦ ባለ ክራሩ

ካስፈለገ በዝግታ አድርጊው። ፍጥነቱን ካበዛሽው ጉሮሮሽን እያርገበገብሽ የምታመጪውን ቅላፄ ደረጃ በደረጃ ይቆራርጠዋል፣ ባቲነቱ ይጠፋል። ስኬሉን «ክሮማቲክ» (አሥራ ሁለቱም ድምፆች) ላይ አትተዪው፤ የቅኝቱን አምስት ድምፆች ብቻ ምረጪ። እኔ ብሆን የሳተችውን ቃል ብቻ ደግሜ እዘፍናለሁ። ሲያልቅ ቴሌግራም ላይ ላኪልን፤ እንደ ቮይስ ሳይሆን እንደ ፋይል።